የገብሱ ቁመት

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

271።

ከቤት እስከ ፒያሳ በእግር ሄድኩ። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ግን ትናንት "ደረስኩ፣ ደረስኩ" እያለ ሃያ ደቂቃ አቁሞኛል። ዛሬ እሱ ይቁም። ደግሞ የጠዋቱ ብርድ ደስ ይላል።

አዲሱ ዲን ላብራቶሪውን ሊያይ መጣ። "ዶክተር ሰውአገኝ፣ ባጭሩ የምትሠሩት ምንድን ነው?" አለ። ባጭሩ ሲሉኝ አልወድም። ነገርኩት። የምስር ፍሬ የምታህል አልማዝ አለች። ለዚሁ ሥራ የተሠራች እንጂ የቀለበት አይደለችም። አረንጓዴ ብርሃን ስንልክባት ቀይ ትመልሳለች። ከሰማይ የሚወርድ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ሲያልፍባት ቀዩ ለቅጽበት ይደበዝዛል። ያንን ድብዘዛ እንይዛለን። ኳንተም ሴንሰር የሚሉት ይኸው ነው። ከበላይዋና ከበታችዋ ሁለት ስስ ሰሌዳዎች አሉ፤ ምስክር ናቸው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ "አለፈ" ካላሉ አይመዘገብም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

"የታለች?" አለ ዙሪያውን እያየ።

እዚህ አይደለችም። አምባ ጊዮርጊስ፣ ገበሬው አያ ዋሴ ቤት፣ በሳጥን ሆና ከጠረጴዛ ሥር ተንጠልጥላለች። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ቅንጣቱ ይበዛል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ አያግድም። በቀን ስንት ቅንጣት እንዳለፈ በየቀኑ አንድ ቁጥር በስልክ መልእክት ትልክልናለች። አንድ ብቻ… ባትሪ እንዳይባክን። ይህንንም ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ዲኑ ተገረመ ወይስ ሰለቸው? ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ያልነገርኩት ነገር አለ። በምርምር ሽርክናው ሰባት ጣቢያዎች ነን። ጥር 6 በሚደረገው ስብሰባ ሦስቱ ይዘጋሉ፣ አራቱ ወደ ዋናው ሙከራ ያልፋሉ። የእኛ ከተዘጋ የተማሪዬ የኤሌኒ የዶክትሬት ሥራ አብሮ ይዘጋል። የእሷ አራት ዓመት። የእኔ ስድስት።

ኤሌኒ መዝገቡ ላይ "ወደ 270" ብላ ጽፋ አገኘሁ። "ወደ" የሚባል ቁጥር የለም አልኳት። "እሺ ዶክተር" አለችና ሰረዘችው። ስትሰርዝ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ኅዳር 25

268። ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ኤሌኒ አምባ ጊዮርጊስ ደርሳ መጣች። የሶላሩን አቧራ ጠርጋ፣ ሁሉን ፈትሻ። አያ ዋሴ አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ልከውልኛል። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ጨረስኩት። ባለቤቴ ብርቱካን "ለእኔ አልተላከም ወይ?" አለች። ዘግይታ ጠየቀች።

274። ደህና ቀን።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

214።

ስልኩን ሁለት ጊዜ አየሁ። 214 ነው። ከ270 አሥራ ስድስት ቢወርድ ወይም ቢወጣ ዝም እላለሁ፤ ተፈጥሮዋ ነው። ሃምሳ ስድስት ግን… ምንድን ነው?

ታኅሣሥ 4

199።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

205። ቅዳሴው መሐል ቆሜ ሳስብ የነበረው ይህንኑ ነው። ብርቱካን በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ ሰው ሁሉ ሰግዶ እኔ ብቻ ቆሜአለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

201።

ኤሌኒ ላይ ጮኽኩባት። በር ክፍት ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሰሙ።

"ባለፈው ሄደሽ ምን ነካሽ?"

"አንድ ብሎን ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩት።"

"የቱን?"

"የሌዘሩን መያዣ።"

"ማንን አስፈቅደሽ?"

መልሷን ሳልጠብቅ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ፊዚሲስት አይደለም አልኳት። አላለቀሰችም። የአያ ዋሴን ክፍል ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "ይኸው ዶክተር" አለችና ወጣች።

ማታ ብርቱካን ፊቴን አይታ "ዛሬ ደግሞ ማንን ነው?" አለች። ብሎን ማጥበቅ ብርሃኑን ሊያዛባው ይችላል። ይችላል… ግን ከኅዳር 27 እስከ ታኅሣሥ 2 ቁጥሩ ደህና ነበር። ይህን ከመጮኼ በፊት ማሰብ ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 8

የሽርክናው ሰብሳቢ ጻፈችልኝ። ጨዋ ሴት ናት፤ ጨዋነቷ ነው የሚያናድደው። አልማዟ ደክማ ሊሆን ይችላል ትላለች። ምክንያቱ እስከ ስብሰባው ድረስ በማስረጃ ካልታወቀ ጣቢያውን ዘግተን ሴንሰሩን እንድንመልስ ትጠይቃለች። በማስረጃ… እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምጽፈው።

የአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ዝግ ነው። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አያ ዋሴን በስልክ አገኘኋቸው።

"ሳጥኑን የነካው ሰው አለ?"

"ማን ይነካዋል? ዝንብም አላረፈበት።"

"ከጠረጴዛው ሥር እንዳለ ነው?"

"እንዳለ ነው።"

"ሌላ አዲስ ነገር የለም?"

"ምን አዲስ ነገር አለ? ደህና ነን። ዘንድሮ አዝመራው ሸጋ ነው። አንተስ፣ ድምፅህ ምነው ከሳ?"

ታኅሣሥ 9

202። መንገዱ ዝግ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከኤሌኒ ጋር ሄድን። እሷ በመስኮቱ ታያለች፣ እኔ የሹፌሩን ማጅራት። ቃል አልተነጋገርንም። ኮሶዬን እንዳለፍን ጭጋጉ ተገለጠ። የታጨደ ማሳ፣ ክምር፣ እንደገና ማሳ። ተናድጄም ደስ አለኝ። ይህ አገር ተናድዶ ለሚያየውም ያምራል።

አያ ዋሴ ክፍሉን ከፈቱልን። ጠረጴዛው የለም። ማለቴ አለ፤ አይታይም። ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሮበት እስከ ደረቴ ደርሷል።

"አያ ዋሴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ገብስ ነዋ።"

"ሳጥኑን እንዳትነኩት ብዬ አልነበረም?"

"ማን ነካው? ጎንበስ ብለህ እየው። ድሩን እንኳ አልጠረግንልህም።"

ጎንበስ አልኩ። ሳጥኑ ከጠረጴዛው ሥር እንደተንጠለጠለ ነው። ከሳጥኑ እስከ ጠረጴዛው እግር የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ያልኳቸውን በልኩ ፈጽመዋል።

ባለቤታቸው እትዬ አዛለች ከበሩ ሆነው፣ "እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ባዶውን ይቁም እንዴ? አይጥ አይወጣበት፣ እርጥበት አይደርስበት። ዝሆን ቢቆምበት አይነቃነቅም ያልከን አንተ አይደለህ?"

ብያለሁ። በያጁን ሁለት ጊዜ መልሼ ያሠራሁት ጠረጴዛ ነው። ስኮራበት ሰምተውኛል።

ቀድማ የሳቀችው ኤሌኒ ናት። አፏን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ነገሩ ለእኔም ገባኝ። ከሰማይ ከሚወርዱት መካከል ሙዮኖቹ ብርቱ ናቸው፤ ገብስ አያቆማቸውም። ኤሌክትሮኖቹ ግን ደካሞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጆንያው ውስጥ ይቀራሉ። የጠፉብን ሰባ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። አልማዟ አልደከመችም። ገብስ እንደተጫነባት በየቀኑ ስትነግረኝ ነበር።

ለሰብሳቢዋ ግን "ገብስ ተጭኖ ነው" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ምን ያህል ገብስ ምን ያህል እንደሚቀንስ ማስላት አለብኝ። መዝገቡን አወጣሁና አንድ ዓምድ አሰመርኩ።

"ስንት ጆንያ ነው?"

እትዬ አዛለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"አይቆጠርም" አሉ አያ ዋሴ።

"እንዴት አይቆጠርም?"

"ለጥር ጊዮርጊስ የመጀመሪያው ቁና ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ አይቆጠርም። በረከቱ ይሸሻል። አባቴም አልቆጠረ፣ አያቴም አልቆጠረ።"

ጥር ጊዮርጊስ ጥር 18 ነው። ስብሰባው ጥር 6።

"እንግዲያው እናውርደውና ቁጥሩ ሲመለስ ልይ።"

"ያወረደ ሰው እያወረደ ይቆጥራል" አሉ እትዬ አዛለች። "አንተ ደግሞ ሳትቆጥር የምታድር አትመስልም።"

ድምፄ ከፍ አለ። የስድስት ዓመት ሥራ ነው፣ የዚች ልጅ ዕድል ነው አልኩ። አያ ዋሴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። "ምሳ ቀርቧል" አሉ። በላሁ። ተናድጄ ስለነበር ብዙ በላሁ።

ታኅሣሥ 12

ለብርቱካን ነገርኳት። ከእኔ ጋር ትናደዳለች ብዬ። "እንፍራንዝ እያለን አባቴም አያስቆጥርም ነበር" አለች። "አንድ ጊዜ ልጅ ሆኜ ብቆጥር ፊቱን አዞረብኝ፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም።" ስንት ዓመት አብረን ኖረን ይህን አልነገረችኝም። "አልጠየቅከኝም" አለች።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ኤሌኒ ቢሮዬ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልበል?"

"በይ።"

"አምና ስድስት ወር ሙሉ ውጤቱን ሸፍነን እንድንሠራ አላደረጉንም? ዘዴው ሳያልቅ ውጤቱን ያየ ሰው ሳያውቀው ዘዴውን ያጣምማል ብለው።"

"አዎ።"

"እኔ የመክፈቻውን የይለፍ ቃል ብጠይቅዎ ጮኹብኝ።"

"ጮኼ ይሆናል።"

"አያ ዋሴም እንደዚያው ናቸው። የሚሸፍኑበት ምክንያት ይለያል እንጂ።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ቀጠለች።

"ደግሞ ቁጥሩ አያስፈልገንም። አልማዟ የምታየው ከራሷ በላይ ያለውን ብቻ ነው። በጎን ያለው ጆንያ አሥር ይሁን ሃምሳ ግድ የላትም። የሚያስፈልገን ቁመቱ ነው። ቁመቱና የገብሱ ክብደት።"

ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ግን ጆንያ ሳይ ቁጥር ነው የመጣልኝ። ምን ነክቶኝ ነው?

ስትወጣ ቁልፉን ሰጠኋት። ይቅርታ አላልኩም። ማለት ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

አምባ ጊዮርጊስ። አያ ዋሴ ቁመት መለካት ይፈቀድ እንደሆነ አሰቡበት። በር ላይ ተቀምጠው ብዙ አሰቡ። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሰዓቴን አላየሁም።

"ሜትርህን ተወው፤ ቁጥር ተጽፎበታል" አሉ በመጨረሻ። "በዱላዬ ለካ። ዱላ ቁመት ያውቃል እንጂ አይቆጥርም።"

ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ጆንያው የደረሰበት ቦታ ላይ ራሳቸው በካራ ምልክት አደረጉ።

"ወደ ጎን እንዳታይ።"

"አላይም።"

"ከንፈርህም አይንቀሳቀስ።"

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ዓይኔን ዱላ ላይ ተክዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ኤሌኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ለክብደቱ ከአምናው ገብስ በቲማቲም ቆርቆሮ ሰፈሩልን። የአምናው ተቆጥሯል፣ ችግር የለበትም። ዱላውን ተዋስኩ። "ሰው ዱላውን ለፖሊስ እንጂ ለፊዚክስ አይሰጥም ነበር" አሉ። እስከ ሚኒባሱ ድረስ ያለ ዱላ ሸኙን።

ታኅሣሥ 17

ምልክቱ ላብራቶሪ ውስጥ ሲለካ 71 ሳንቲሜትር። ሦስት ጊዜ ለካሁ።

እኔና ኤሌኒ ለየብቻ እናሰላለን። ይህን ያህል ገብስ ከተጫነ በቀን ስንት መመዝገብ አለበት? አንዳችን የሌላውን አናይም። መልሳችንን በወረቀት አጥፈን ለብርቱካን እንሰጣለን። ዳኛዋ እሷ ናት። "ለዚህ ለዚህ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም" አለች።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ኤሌኒ ቤት መጣች። ብርቱካን ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥታ እንደ ዕጣ ከፈተቻቸው። የእኔ 207። የኤሌኒ 204። ከታኅሣሥ 4 ወዲህ በእርግጥ የተመዘገበው አማካይ 203።

ሁለቱም ልክ ነው፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ግን ለምን የእሷ ቀረበ?

"ገብሱን ሳይጠቀጥቁ ነው የመዘኑት?" አለችኝ።

"አዎ፣ እንደተሰፈረ።"

"እትዬ አዛለች ጆንያ ሲሞሉ እያወዛወዙ ይጠቀጥቃሉ። ጠየቅኳቸው። እኔም ቆርቆሮውን እየመታሁ ሞልቼ መዘንኩ።"

ስለዚህ ክብደቱ ይጨምራል። እሷ ጠይቃለች። እኔ አልጠየቅኩም። ስለ "ወደ" እና ስለ "ልክ" ስንት ጊዜ የለፈለፍኩት እኔ።

"ስለ ብሎኑ ይቅርታ" አልኳት።

"የትኛው ብሎን?"

"ታውቂዋለሽ።"

"አላስታውስም ዶክተር። ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ማስታወስ አይችልም።"

ብርቱካን እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ… ትንሽ ዘግይቼ።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ስብሰባው በኢንተርኔት ነበር። ኤሌኒ እንድታቀርብ ሰጠኋት፤ ስሌቱ የእሷ ነው። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ባትሪው ያዘን። እኔ ጎኗ ተቀምጬ እጄን ከጭኔ ሥር አደረግኩ፣ እንዳልነጥቃት።

የዱላውን ፎቶ አሳየች። አንዱ "ለምን ጆንያውን አልቆጠራችሁም?" አለ። እጄን ይበልጥ ተጫንኩት። እሷ ረጋ ብላ "የገበሬው ውጤት እስከ ጥር 18 የተሸፈነ ነው" አለች። ጥቂቶች ሳቁ። ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። "እኛም እንሸፍናለን" አለች።

ውሳኔው፦ ስሌቱ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ገብሱ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጣቢያው ያልፋል። ካልተመለሰ ይዘጋል። እስከ ጥር 25 ይጠብቁናል። ትክክል ነው። እኔም ብሆን ከዚያ ባነሰ አላምንም።

ጥር 11

ጥምቀት። ከተማው ሞልቷል። 203።

ጥር 18፣ ሰኞ

ጊዮርጊስ። ዱላውን ይዤ ሄድኩ፤ አያ ዋሴ ተቀብለው ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የመጀመሪያውን ቁና ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገቡ፤ ከኋላ ተከተልናቸው።

ከዚያ ክፍሉን ከፈቱ። "በል አሁን፣ ዓይንህንም ከንፈርህንም ፈትቼልሃለሁ።"

ጆንያውን ወደ ጎተራው ያጋዙት እሳቸው፣ ሁለት ጎረቤቶችና እኔ ነን። ሁለተኛው ላይ ወገቤ ጮኸ። አያ ዋሴ በሩ ላይ ቆመው በየተራው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። የመጨረሻው ሲወጣ መሬቱን አንዴ በዱላቸው መቱ። እንደ ግምቴ ከአምናው ይበልጣል፤ እትዬ አዛለች ፊታቸውን በነጠላ ጠርገዋል።

"ሰማኸው?" አሉኝ አያ ዋሴ።

"ሰማሁት።"

"ያንተስ ዕቃ አውቆት ነበር?"

"ከበላይዋ ያለውን ብቻ።"

"ጨዋ ናት" አሉ።

ጥር 19

266።

ጥር 20

273። ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ማንም ላይ አልጮኽኩም። ባጃጁ ላይ ትንሽ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

270። ከጥር 19 ጀምሮ አምስት ቀን፣ አማካዩ 270።

ኤሌኒ ትናንት ማታ የአራቱን ቀን ልካ ነበር፣ ዛሬ መልስ መጣ። አምባ ጊዮርጊስ ያልፋል። ሰብሳቢዋ ሌላም ጠይቃለች፤ በየዓመቱ ገብሱ ይጫንበት፣ ሙዮኑን ከኤሌክትሮኑ ለመለየት ይረዳል ትላለች። ሌሎቹ የእርሳስ ብረት ገዝተው ነው የሚያደርጉት። ለአያ ዋሴ ደወልኩ።

"ለካ ገብሴም ተቀጥሯል" አሉ። "ግን ለጊዮርጊስ ሳይገባ አይቆጠርም በላቸው።"

"ነግሬአቸዋለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ከኤሌኒ ጋር መዝገቡን ዘጋን። ታኅሣሥ 11 ቀን በእጄ ያሰመርኩት አንድ ዓምድ ባዶውን ቆይቷል። ከአናቱ ላይ "የጆንያ ብዛት" ይላል፤ በንዴት ስለጻፍኩት ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶታል።

"ይህንን ልሙላው?" አለች። "እርስዎ ሰምተዋል አይደል?"

ሰምቻለሁ። አሁን የሚከለክለኝ የለም። ይህ የማስታወሻ ደብተር ደግሞ የራሴ ነው፤ ሌላ ሰው አያየውም… እዚህም አልጽፈውም።

"ቁመቱን ጻፊበት" አልኳት።

"ቁጥሩስ?"

"አያ ዋሴ ያውቁታል።"

አናቱን ሰርዛ አስተካከለችውና ጻፈች። 71።